በርሜሉ፣ ጭሱና የትንኟ ዕድሜ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ባለፈው ዓመት ሁለቱ ልጆቼ በዴንጊ ተኝተው ነበር። ትልቁ ዓይኔን ከኋላው ወጋኝ እያለ ያለቅስ ነበር። ከዚያ መጥተው ሰፈሩን በጭስ ረጩልን። ሁለት ቀን ቢንቢ ጠፋ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ስለሆነ በርሜል ሳይሞሉ መኖር አይቻልም። የወንድሜ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ቢንቢን በኮምፒውተር ታሰላለች ብሎ ስላንቺ ነገረኝ። ሁሉንም መግደል ካልተቻለ ማስላቱ ምን ይጠቅማል? እኔስ በርሜሌን ምን ላድርገው?»
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እኔም የድሬ ልጅ ነኝና «አንቺ» ልበልሽ። እኛ ዘንድ አንቱታ ሰውን ያርቃል።

ልጆችሽ እንኳን ተሻላቸው። ትንኝ የምታመጣው በሽታ እኛም ቤት ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቺኩንጉንያ ድሬን ሲያዳርስ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታሞ ተመዝግቧል። እናቴ አንዷ ነበረች። ትኩሳቱ በሳምንት ውስጥ ለቀቃት። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ግን ወራት ፈጀ። ጀበናውን በሁለት እጇ አቅፋ ነበር ቡና የምትቀዳው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ዴንጊ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በወረርሽኝ ደረጃ ሲረጋገጥም ቦታው ድሬ ነበር። ያኔ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ታመመ።

ሁለቱም ቫይረሶች ናቸው። እዚያ ድሬ ሁለቱንም የምታመላልሰው አንዲት ትንኝ ናት፤ ኤደስ ኢጂፕታይ ትባላለች። ጥቁር ሆና እግሯ ላይ ነጫጭ ቀለበት አላት። የምትነክሰው ቀን ነው፤ ይበልጥ ደግሞ ጠዋትና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ቆሻሻ ኩሬ አትወድም። የምትወደው አንቺ ለልጆችሽ ያጠራቀምሽውን ንጹሕ ውሃ ነው።

አሁን ጭሱ ለምን በሳምንቱ እንደከሸፈ እናስላ። ወረቀትና እርሳስ ይበቃናል።

በአንድ ሰፈር 1,000 ትንኝ አለ እንበል። በየቀኑ ከ10ሩ አንዷ ትሞታለች። ከበርሜሎቹ ደግሞ በየቀኑ 100 አዳዲስ ይወጣሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ባለበት ይረጋል። ጭሱ መጣና 800ውን ገደለ። 200 ቀረ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። ግን በርሜሉ ውስጥ ያሉትን እጮች ጭሱ አልነካቸውም። በማግስቱ 100 ወጡ፤ ከ200ው 20 ሞቱ፤ 280 ሆኑ። በሦስተኛው ቀን 350 አለፉ። በሳምንቱ 617 ደረሱ። በሁለት ሳምንት ከ800 በላይ ሆኑ። አንቺ ያየሽው ይህንኑ ነው። ጭሱን የረጩት ሰዎች ሥራቸውን አልበደሉም፤ ጭስ የሚበርረውን እንጂ የሚዋኘውን አይገድልም።

ሌላውን መንገድ እንየው። ጭስ የለም። ነገር ግን የሰፈሩ ሰው ተስማምቶ ትንኝ ከሚያወጡት ዕቃዎች ግማሹን ዘጋ። በቀን የሚወጣው ከ100 ወደ 50 ወረደ። በመጀመሪያው ቀን ማንም ለውጥ አያይም። በሳምንቱ 740 ገደማ ናቸው፤ «ምን ተለወጠ?» የሚባልበት ጊዜ ይህ ነው። በሁለት ሳምንት 614 ይሆናሉ። በወሩ 520ዎቹ ውስጥ ይገባሉ። በርሜሉ ተዘግቶ እስከቆየ ድረስ ደግሞ ተመልሰው አይወጡም። ጭሱ ለዓይን ፈጣን ነው፣ ክዳኑ ዘገምተኛ። እኔ ግን ሁለቱን መሥመሮች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ካየሁ ወዲህ ልቤ ከክዳኑ ጋር ነው።

ስለ ጭሱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ካልጨመርኩ እውነቱን አጉድያለሁ። ወረርሽኝ ላይ ጭስ ከንቱ አይደለም። ምክንያቱ የትንኟ ዕድሜ ነው። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ስሌትም ይኸው ነው።

ትንኝ ስትወለድ ቫይረስ የላትም ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ የታመመ ሰው መንከስ አለባት። ከዚያ ቫይረሱ በሆዷ ተባዝቶ ምራቋ እስኪደርስ ድረስ 10 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ሙቀት ሲበረታ ያጥራል። በእነዚያ ቀናት ብትነክስሽ ታሳክክሻለች እንጂ ዴንጊ አትሰጥሽም። ስለዚህ በሽታ የምታስተላልፈው አሮጊቷ ትንኝ ብቻ ናት።

አሁን 100 ትንኞች ዛሬ የታመመ ሰው ነከሱ እንበል። በቀን ከ10ሩ አንዷ የምትሞት ከሆነ 10 ቀን የሚቆዩት 35 ናቸው። ከ10ሩ ሁለት የሚሞቱ ከሆነስ? ግማሹ ይቀራል ብለሽ ትገምቺ ይሆናል። የሚቀሩት 11 ናቸው። እነዚያ 11ዱም ከዚያ በኋላ የሚቀራቸው ዕድሜ አጭር ነው። ሁለቱን ስናባዛ አንዲት ትንኝ በሽታ የምታስተላልፍባቸው ቀናት በአማካይ ከ3 ቀን በላይ የነበሩት ወደ ግማሽ ቀን ይወርዳሉ። የዕለት ሞቷ እጥፍ ሲሆን አደጋዋ ወደ አንድ ሰባተኛ ወረደ ማለት ነው! ወረርሽኝ ላይ ደጋግሞ የተረጨ ጭስ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ አሮጊቶቹን ይጠርጋል። አዲስ የሚወጡት ደግሞ አደገኛ እስኪሆኑ ጊዜ ይፈልጋሉ። ግን አንዴ ረጭቶ መሄድ ያንን ጊዜ መግዛት ብቻ ነው። በተገዛው ጊዜ ውስጥ በርሜሉ ካልተዘጋ ወደነበርንበት እንመለሳለን።

«ሁሉንም መግደል ካልተቻለ» ላልሽው፣ ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሮናልድ ሮስ የሚባል ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ሕንድ ውስጥ የወባን ጥገኛ ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። በ1902 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ትንኝ እንቀንስ ሲል ብዙዎች «የመጨረሻዋን ትንኝ ካልገደልክ ልፋትህ ከንቱ ነው» አሉት። እሱም በቀመር መለሰላቸው። አንድ በሽተኛ በትንኝ አማካይነት ስንት አዲስ በሽተኛ ያፈራል? ሁለት ካፈራ በሽታው ይስፋፋል። ከአንድ በታች ካፈራ ግን ትንኝ እያለም በሽታው ራሱ እየከሰመ ይሄዳል። የመጨረሻዋን ትንኝ ማሳደድ አያስፈልግም። ከዚያች ወሰን በታች መውረድና እዚያው መቆየት ይበቃል። በኋላ ጆርጅ ማክዶናልድ የተባለ ሌላ ሐኪም የሮስን ቀመር አስፍቶ የዕድሜውን ነገር ግልጽ አደረገው። እናቶቻችን የሚያስታውሱት የቤት ግድግዳ ላይ የዲዲቲ ርጭትም የሚመታው ይህንኑ ዕድሜ ነው፤ ትንኟ በልታ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ትሞታለች።

ከዚያ ቀመር ለቤትሽ የሚሆን አንድ ሌላ ነገር አለ። በሽታው እንዲተላለፍ ትንኟ ሁለቴ መንከስ አለባት፤ አንዴ የታመመውን፣ አንዴ ጤነኛውን። ስለዚህ ንክሻ በግማሽ ሲቀንስ መተላለፉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ግማሽ በግማሽ ሲባዛ ሩብ ነውና። የድሬ የቀትር እንቅልፍ እዚህ ላይ ይመጣል። አጎበሩን ለሌሊት ብቻ አታድርጊው። ልጆቹ ቀን ሲተኙ ይዘርጋ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤት ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ በመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ቀናት ቀንም ከአጎበር ሥር ይተኛ። ቫይረሱ ደሙ ውስጥ የሚበዛው ያኔ ነው። እሱን ያልነከሰች ትንኝ ከእሱ የምትወስደው የለም።

ወደ በርሜልሽ እንምጣ። ትንኟ እንቁላሏን የምትጥለው ውሃው ላይ አይደለም፤ ከውሃው ከፍ ብሎ የዕቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆያል። ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉን ደፍቶ እንደገና መሙላት እንቁላሉን ከመርዳት አይለይም። ውስጡን በብሩሽ ወይም በሻካራ ጨርቅ ማሸት አለብሽ፤ ይልቁንም ውሃው የሚደርስበትን መሥመር። በእኛ ሙቀት ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል። በየሳምንቱ አንድ ቀን ቁረጪ፤ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት። ሊደፋ የማይችለውን ትልቁን በርሜል ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ወጥረሽ በላስቲክ እሰሪው። ጨርቁ ረግቦ ውሃው ውስጥ አይግባ። ሮቶ ካለሽ ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ቱቦ እይው፤ ብዙ ሰው ክዳኑን ዘግቶ ቱቦውን ይረሳል። እሱን በወንፊት ሸፍኚው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የእጭ መድኃኒት ይዛ ስትመጣ ደግሞ በሩን ክፈቺላት።

የእናቴን ግቢ ስቆጥር ውሃ የያዘ ሰባት ዕቃ አገኘሁ። አራት በርሜል፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ አሮጌ ጎማ፣ የዶሮዎቹ መጠጫ። ሊበርሩ የተቃረቡት እጮች፣ እነዚያ እንደ እንግሊዝኛው ኮማ (,) የተቆለመሙት፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሁለት በርሜል ነበር የወጡት። ሁለቱ ጥላ ሥር ያሉና «ለክፉ ቀን» ተብለው የማይነኩ ናቸው። በሌሎች አገሮች ጓሮ ለጓሮ ሲቆጠርም እንዲህ ነው፤ ብዙውን ትንኝ የሚያወጡት ጥቂት ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ ጉልበትሽ ካነሰ ከማይነካው በርሜል ጀምሪ።

ጎረቤቶችሽንም አነጋግሪ። ይህች ትንኝ ብዙ አትበርርም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተወለደችበት 100 ወይም 200 ሜትር አትርቅም። ከሳቢያን ወደ ከዚራ ሰፈር ቫይረሱን የሚወስደው በባጃጅ የሚሄደው ሰው ነው። ፔሩ ውስጥ ኢኪቶስ በምትባል ከተማ ተመራማሪዎች ሰው በቀን ማን ቤት እንደሚሄድ ተከታትለው ነበር። ዴንጊን ከቤት ወደ ቤት ያዛመተው የሰዎች መጠያየቅ ሆኖ ተገኘ። ያንን ሳነብ የጠዋት ቡናችን ነው የታየኝ። ቡናውን ተዉ አልልም፤ ይልቅ እዚያው ቡና ላይ ስለ በርሜሉ ተማከሩ።

በርሜል መክደን ሌላም ጥቅም አለው። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ትንኝ ከእስያ መጥታ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ታየች። እሷም በርሜልና ሮቶ ትወዳለች። በ2022 ድሬ ላይ የተነሣው ወባ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነበር። በደንብ የተከደነ በርሜል የቀኗንም የሌሊቷንም ይከለክላል።

ጥያቄ፦ «አርባ ምንጭ የስታቲስቲክስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬን በትንኝ ወለድ ቫይረሶች የሒሳብ ሞዴል ላይ ልሠራ ነው። ከብራዚልና ከእስያ የተሠሩ ጥሩ ጥሩ ሞዴሎች አግኝቻለሁ። ቁጥሮቻቸውን ወስጄ የእኛን የዝናብ መረጃ ባስገባበት ያስኬደኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀመሩን ውሰድ፣ ቁጥሩን ግን አትውሰድ።

አንተ ካለህበት ብዙም ሳይርቅ የሆነውን ልንገርህ። ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በኦሞ አካባቢና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ገብቶ ነበር። ወደ 100 ሺህ ሰው እንደታመመና ወደ 30 ሺህ እንደሞተ ይገመታል። በአፍሪካ እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ከባዶቹ አንዱ ነው። ያን ጊዜ ዋናዋ አስተላላፊ የበርሜሏ ትንኝ አልነበረችም። ኤደስ ሲምፕሶኒ የሚሏት ናት። የምትራባውም እንሰት ቅጠል ከግንዱ በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ በሚጠራቀም ውሃ ነው። አስበው። በየቤቱ ጓሮ እንሰት አለ። ለብራዚል ከተማ የተሠራ ሞዴል ይዘህ ብትሄድ «በርሜል ክደኑ» ይልሃል፤ ትንኟ ግን እንሰቱ ውስጥ ናት። ለዚያ አካባቢ ትክክለኛው መልስ ክትባት ነው፤ የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ አለ፣ በጣምም ይሠራል።

ዝናቡም እንደዚሁ። ድሬ ላይ ትንኝ ዝናብ አትጠብቅም። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ሰው ያጠራቅማል፤ ሰው ሲያጠራቅም ትንኝ ይበዛል። የዝናብ መለኪያህ ዜሮ እያሳየ ወረርሽኝ ሊነሣ ይችላል። የፈረቃውን ፕሮግራም ፈልገህ አግኝ። ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ከዝናቡ ይልቅ የሚነግርህ ብዙ ነው።

ሌላው የበሽተኛ ቁጥር ነው። ዴንጊ ከያዛቸው ሰዎች ከ4ቱ 3ቱ ያህል ምንም ምልክት አያሳዩም ወይም ቀለል ብሎባቸው ያልፋል። ከታመሙትም ብዙዎቹ ወባ ነው ተብለው መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ወይም ጤና ጣቢያ አይደርሱም። መዝገብ ላይ ያገኘኸው 500 ከሆነ ሞዴልህን በ500 ብቻ አታስተካክለው። የተመዘገበው ከጠቅላላው ስንት እጅ ሊሆን እንደሚችል ሞዴልህ ውስጥ አስገባ። ውጤቱንም በአንድ ቁጥር አትስጠኝ፤ ከዚህ እስከዚህ በለኝ። አንድ ቁጥር ብቻ የሰጠ ተማሪ ሲቀርብልኝ የምጠይቀው ጥያቄ አያልቅም።

ስለ አዲሱ ዘዴም ጻፍ። ዎልባኪያ የምትባል ባክቴሪያ አለች። በትንኝ ሰውነት ስትገባ ዴንጊ እንዳይባዛ ታግዳለች። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ዮግያካርታ ከተማን ለ24 ከፍለው በ12ቱ እነዚህን ትንኞች ለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነው ውጤት በእነዚያ 12 ቦታዎች ዴንጊ በ77 በመቶ ቀነሰ። ለአንተ የሚጥመው ሒሳቡ ነው። ባክቴሪያዋን የያዙት ትንኞች ድርሻ ከአንድ ወሰን በታች ከሆነ ይጠፋሉ፤ ከዚያ በላይ ካለፉ ራሳቸው ይስፋፋሉ። ስንት ልልቀቅ የሚለውን ሞዴል ሳይሠራ መመለስ አይቻልም።

ኮምፒውተሩን ከመክፈትህ በፊት ግን 20 ጓሮ ግባ። ባትሪ፣ ማንኪያና ነጭ ሳህን ያዝ። እጮቹን ቁጠር። ባለቤቷን ውሃው ስንት ቀን እንደቆየ ጠይቃት። ቡና ካፈላችልህ ጠጣ፤ ብዙ የምትማረው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ «ጅዳ ሰው ቤት እሠራለሁ። ከወር በፊት ዴንጊ ያዘኝ ተባልኩ፣ አሁን ድኛለሁ። በቅርቡ ወደ ድሬ ለዕረፍት እመጣለሁ። ልጄን አስይዛት ይሆን?»

መልስ፦ አታስይዣትም እህቴ። ዴንጊ በመንካት፣ አብሮ በመብላት፣ በመሳም አይተላለፍም። ደምሽ ውስጥ ያለው ቫይረስም ትኩሳቱ ካለፈ በጥቂት ቀናት ይጠፋል። አንድ ወር ካለፈሽ ትንኝ ብትነክስሽ እንኳ ከአንቺ የምትወስደው የለም። ልጅሽን እቅፍ አድርጊያት።

ስለ ራስሽ ግን አንድ ነገር ያዢ። ዴንጊ አራት ዓይነት ነው። አንዱ ከያዘሽ ያንኑ ዓይነት ሰውነትሽ ለረጅም ጊዜ ይከላከለዋል። ሌላው ዓይነት ከያዘሽ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሊከፋ ይችላል። ጅዳም ድሬም ይህች ትንኝ አለች። ስለዚህ እንደገና ድንገተኛ ትኩሳት ከያዘሽ ለሐኪሙ «ከዚህ በፊት ዴንጊ ይዞኝ ነበር» ማለትን አትርሺ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ውሰጂ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትንኪ፤ መድማትን ያባብሳሉ። ትኩሳቱ ሲበርድልሽ ተሻለኝ ብለሽ አትዘናጊ፤ አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ መፍዘዝ ከመጣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ። ሻንጣሽ ውስጥ ቦታ ካለሽ ለልጅሽ የቀን እንቅልፍ የምትሆን ትንሽ አጎበር ጨምሪበት።